አረንጓዴ የቀባሁት ቆላ

4.

ከአንድ እስከ ሦስት ያለውን ጽፌ ቀደድኩት። ሰበብ ብቻ ነበር።

5.

የውሳኔ ቅጽ፦ የምሥራቅ መስመር ኔትወርክ ማሻሻያ

ሀ) አሮጌውን የስልክ መስመር (ሲዲኤምኤ) ማደስ። ዝግ ይላል፤ ሩቅ ይደርሳል።
ለ) ወደ አዲሱ ኤልቲኢ (4ጂ) መቀየር። ይፈጥናል፤ ሩቅ አይደርስም። አሮጌው መስመር ይዘጋል።

የተመረጠው፦ ለ
ያረጋገጠው መሐንዲስ ፊርማ፦

መሐንዲሷ እኔ ነኝ፤ ምንትዋብ እባላለሁ።

6.

ፈርቻለሁ። አሳምሬ ልጻፈው ብል አልሆነልኝም።

7.

ሲግናል የምንለካው በመኪና ነው። መሣሪያውን ጭነን አስፋልቱን ተከትለን እንሄዳለን፤ ኤልቲኢው የደረሰበት ቦታ ካርታው ላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ ያልደረሰበት ነጭ ይቀራል። ሰንበሌጥ ቆላ አፋፍ ላይ ስንደርስ አስፋልቱ አለቀ።

"ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ በእግር ሦስት ሰዓት ነው። ዝናቡም መጣ፤ እንመለስ" አሉኝ ሾፌሩ ጋሽ ልሳነወርቅ።

ተመለስን። ቢሮ ገብቼ ቆላውን በግምት አረንጓዴ ቀባሁት። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንሠራው።

8.

ሰንበሌጥ ቆላ ውስጥ ያለው፦

አንድ ጤና ኬላ።
አንድ የሲዲኤምኤ ስልክ።
ታናሽ እህቴ ስንዱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። የተመደበችው ካርታውን ከቀባሁ በኋላ ነው። ስቀባው እዚያ የማውቀው ሰው አልነበረም።

9.

ዛሬ ጠዋት፣ በስልክ፦

ስንዱ፦ እትዬ! እንኳን ደወልሽ።
እኔ፦ ስልኩ ደህና ይሠራል?
ስንዱ፦ ጥርት ብሎ! ትናንት አንዲት ወላድ ደም አልቆም ብሏት አምቡላንስ ጠራሁ። በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ አወጣናት። ባልደውል ኖሮ አትተርፍም ነበር።
እኔ፦ ሌላ ስልክ የላችሁም?
ስንዱ፦ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ምነው ጠየቅሽ? አስፈራሽኝ እኮ።

10.

አለቃዬ አቶ ፍስሐጽዮን ቢሮዬ ድረስ መጡ።

"ቅጹን አምጪው እንጂ! መስመሩን የሚቀይሩት ሰዎች እየጠበቁ ነው።"

"ሰንበሌጥ ቆላ አልተለካም። በግምት ነው የቀባሁት። እህቴ እዚያ ናት።"

በሩን ዘጉት።

"እሱን ብቻ ነጭ አድርጊውና ለብቻው አሮጌው መስመር ይቆይለታል። ሌላ የቀባሽው አለ እንዴ?"

11.

አምስት።

12.

ለእሳቸው ግን "የለም" አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ወጡ።

በአምስቱ ቆላዎች የማውቀው ሰው የለም። አምስቱም ጤና ኬላ አላቸው። እውነቱን ከጻፍኩ ከሥራ እባረራለሁ፤ ምናልባትም እከሰሳለሁ። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ቅጹን ገልብጬ እስክሪብቶ አነሳሁ።

13.

አረንጓዴ የተቀቡ፣ ያልተለኩ ቦታዎች፦

1. ሰንበሌጥ ቆላ
2.