ወተት ያጥበዋል

ረፋድ ላይ ፎርማኑ ባዶ ቱቦ በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታል። ያን ጊዜ ዘጠኛችንም ብየዳውን አቁመን፣ መነጽራችንን ግንባራችን ላይ ሰቅለን፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ እንሰለፋለን። በትልቅ ብርጭቆ ወተት ይቀዳልናል። ጠጥተን ስማችን ፊት ለፊት እንፈርማለን። ጡት የሚጠባ ሕፃን እንኳ ጠጣሁ ብሎ አይፈርምም። እኛ ግን ባለትዳርና ባለልጆች፣ ሁለታችን ደግሞ የልጅ ልጅ ያየን ሰዎች፣ እንፈርማለን።

ምክንያቱ ጭሱ ነው። የምንሠራው የብረት በር፣ አጥርና የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ነው፤ ብረት ደግሞ ሲበየድ ይጨሳል። ከሁሉ የከፋው ዝገት እንዳይዘው ዚንክ የተቀባው ነው፤ እኛ ጋልቫናይዝድ እንለዋለን። እሳት ሲነካው ነጭ ጭስ ያወጣል፣ አፍ ውስጥ ሳንቲም የጎረሱ ያህል ጣዕም ይተዋል። ብዙ የበየደ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል። ታዲያ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት አለ፤ ወተት ያጥበዋል። ማን እንዳለው አይጠየቅም፣ ሁሉም ከአስተማሪው ሰምቶታል።

ግድግዳው ላይ ጭስ የሚስብ ትልቅ ፋን አለ። አለ ስል ተሰቅሏል ማለቴ ነው። ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ክንፎቹ መካከል ወፍ ጎጆ ሠርታ ሁለት ጊዜ ፈልፍላለች። ለወርክሾፑ ባለቤት በነገርነው ቁጥር በዚህ ሳምንት ይሠራል ይለናል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው፤ ልዩነቱ የኛዋ ላም ወተቷ በየቀኑ መምጣቱ ነው።

የኔ ሆድ ግን ወተት አይቀበልም። ልጅ ሳለሁ እንደ ማንም ልጅ እጠጣ ነበር። ካደግሁ ወዲህ አንድ ብርጭቆ ከቀመስኩ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት ሩጫ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ የሚቀመጠው ፎርማኑ ኪስ ውስጥ ነው። ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ለባለቤቱ አስረዳሁት። ሳቀብኝ። ወተት ሙሉ ምግብ ነው፣ ለአጥንት ነው፣ ለደም ነው፣ ትልቅ ሰው ወተት ጠላሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም አለኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ ፎርሙ ላይ ፊርማው የጎደለ ሰው ቢታመም ኃላፊነቱ የራሱ እንደሆነ ነገረኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴ ግን አልፈጀውም።

ያዳነኝ ጋሼ ነው። ጋሼ የምንለው የሁላችንም ታላቅ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ቤት አስራ ዘጠኝ ዓመት በይዷል፣ ኤሌክትሮድ አያያዝ ያሳየኝም እሱ ነው። ብርጭቆዬን ይዤ ስቁለጨለጭ አየኝና፣ ፎርማኑ ዞር ሲል ተቀብሎኝ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ሁለት ብርጭቆ ይጠጣል፣ እኔ አንድ ፊርማ እፈርማለሁ።

ጋሼ ግን የሰው ድርሻ በነጻ የሚበላ ሰው አይደለም። በማግስቱ ጋልቫናይዝድ ቱቦ ይዤ ስቆም መጥቶ ከእጄ ወሰደው። ወተት ያልጠጣ ሰው ይሄን አይነካም፣ እኔ የሁለት ሰው ስለጠጣሁ የሁለት ሰው እበይዳለሁ አለ። ነገሩ ልክ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስም አለኝ። ቤት ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ማታ ማታ እየተንቀጠቀጥኩ እንዲያዩኝ አልፈልግም ነበር። ስለዚህ ስድስት ዓመት እኔ ዚንክ ያልተቀባውን ጥቁር ብረት ስበይድ፣ እሱ የራሱንም የኔንም ነጭ ጭስ ሲስብ ኖረ። ሁለታችንም ጥሩ የተካፈልን መስሎን ነበር።

ከዚያ ለአንድ ዶሮ እርባታ የሚሆን ትልቅ ሥራ መጣ፤ ከላይ እስከ ታች ጋልቫናይዝድ። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጨርቄ ጭስ ጭስ ሸተተ ብሎ ተቆጣ። ባለቤቱ እጅ ነስቶ ይቅርታ ጠየቀውና የመንገዱ በር እንዲዘጋ አዘዘ። የሰውየው ጨርቅ ታሰበለት። ውስጥ ለቀረነው ለዘጠኛችን ሳንባ አንድም ሰው ይቅርታ አልጠየቀም። ፋኑ ላይ ወፏ ተቀምጣለች፣ በሩ ተዘግቷል፣ ጣራው ሥር ደመና ተኝቷል፣ እኛም በየረፋዱ ወተታችንን እንጠጣለን።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ማሳል ጀመረ። ፎርማኑ አዝኖለት ሦስተኛ ብርጭቆ ጨመረለት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከምሳ በፊት የቱቦ ክምር ላይ ተቀመጠ። ተነሣ ጋሼ፣ ጉንፋን ነው እንዴ ብለን ቀለድንበት። እጁን አንሥቶ ቆዩ አለን እንጂ መናገር አልቻለም። ከንፈሩ ሲጠቁር ሳይ ነው ቀልዱ ከአፌ የወደቀው።

ክሊኒክ የወሰድነው እኔና ሚስቱ ነን። እሷ በመንገድ ሁሉ ጫማውን በእጇ ይዛ ነበር። ዶክተሯ አዳመጠችው፣ ኤክስሬይ አስነሣችው፣ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለጭሱ መከላከያ የምትጠቀሙት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ጋሼ ቀና ብሎ፣ የሚኮራበትን ነገር እንደሚናገር ሰው፣ «ወተት» አለ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

እኔ ነኝ የጠየቅኋት። ታዲያ ወተት ለትልቅ ሰው ጥሩ አይደለም ወይ አልኳት።

«ወተት ምግብ ነው» አለችኝ። «የተስማማው ሰው ትልቅም ቢሆን ይጠጣ፣ ጥሩ ነው። ሆዱ እንቢ ያለው ቢተወው ደግሞ ከሌላ ምግብ ያገኘዋል። ግን ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው። ጭሱ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው። የትም ቦታ አይገናኙም።»

የትም ቦታ አይገናኙም። ጋሼ አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ እኔ ስድስት ዓመት በየቀኑ የፈረምንበት ነገር በሦስት ቃል አለቀ። ጋሼ ፊልሙን እንጂ እሷን አላየም። የተጎዳው እንደማይመለስ፣ የቀረውን መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ቀስ ብላ ነገረችን።

በማግስቱ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ሥራ ቦታ ደረስኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስናገረው ያደርኩትን ንግግር ባለቤቱ ፊት አፈሰስኩት። ፋኑ ይሠራ፣ በሩ ይከፈት፣ የጭስ ማስክ ይምጣ፣ ያለዚያ ማንም ጋልቫናይዝድ አይንካ አልኩ። እሱ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቱቦው ተመትቶ ሁሉም እስኪሰለፍ ጠበቀ፤ ከዚያ የፊርማውን ክላሰር ይዞ መጣና ሰው ሁሉ እያየ ገለጠው።

«ይቺ ፊርማ የማን ናት?» አለኝ።

የኔ ናት አልኩ።

«ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳታጓድዪ ጠጥተሻል። በጭስ ታመሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ወተት አይሠራም ካልሽ፣ አንቺን በጤና ያቆመሽ ምንድን ነው?»

ወደ ሰልፉ ዞሮ፣ ጋሼ ዕድሜው ገፍቶ ነው እንጂ በጭሱ ቢሆን ኖሮ እሷም ትታመም ነበር አላቸው። ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ይመስላል እኮ። እኔ ራሴ ሰልፉ ውስጥ ብሆን እነቀንቅ ነበር። በፊርማዬ ጋሼን ሐሰተኛ አድርጌዋለሁ፤ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ እኔኑ አቁሞ እያሳየ ነው። ደሜ ፈላ። በሱ ብቻ አይደለም፣ በራሴም ነው። እውነቱን ባወጣ ሥራዬን እንደማጣ ገብቶኛል፤ ስድስት ዓመት በሐሰት የፈረመች ሴት ማን ያስቀራታል? ዝም ብል ግን ከነገ ጀምሮ ጋልቫናይዝዱን ከነዚህ አንዱ ይወስደዋል፣ ብርጭቆውን ጨልጦ፣ ተጠብቄያለሁ ብሎ።

«አንድም ቀን አልጠጣሁም» አልኩ። «ሆዴ አይችለውም። የኔን ወተት የጠጣው ጋሼ ነው። የኔን ጋልቫናይዝድም የበየደው ጋሼ ነው። እዚህ ቤት ከማንም በላይ ወተት የጠጣው ሰው ዛሬ ደረጃ መውጣት አይችልም። ጠብታ ያልቀመስኩት እኔ ቆሜያለሁ። የቆምኩት ጭሴን እሱ ስለሳበልኝ ነው።»

ሰልፉ ፊት የነበረው፣ ከሁላችን ዝምተኛ የሆነው መቁረጫ ማሽን ላይ የሚሠራው ሰው፣ ብርጭቆውን እያየ ቆየ። ከዚያ ሳይጠጣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ሌላው ተከተለው። ፎርማኑ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቀረ። ባለቤቱ በማጭበርበር እንደሚከሰኝ፣ ዛሬውኑ እንደምሰናበት ዛተ። የመቁረጫው ሰው እሷ ከወጣች እኛም ጨርሰናል አለው። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ንግግር ሳይሆን አይቀርም።

ሦስት ቀን አንድ ቱቦ አልተበየደም። የዶሮ እርባታው ሰውዬ እየደወለ ጮኸ። በአራተኛው ቀን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሰላል ይዞ መጣ፤ የፋኑ ብልሽት የተቃጠለ አንድ ሽቦ ነበር። ከሻይ ሰዓት በፊት ጨረሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣራችን ሥር ደመና ያቆመው ያ ነው፤ አንድ ሽቦ። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ድሮም ላሠራው አስቤ ነበር ሲል ሰማሁት፣ ያነሣሁትን መዶሻ ከእጄ ያስጣለኝ የመቁረጫው ሰው ነው።

ጋሼ ቤት የሄድኩት እሁድ ነው። ሁለት ትራስ ተደግፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ጋደም ካለ ትንፋሹ ይቆረጣል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ጭሱ ይቅር በለኝ ስለው ወድጄ ነው የወሰድኩት፣ ተዪው ልጄ ብሎ እጁን አወናጨፈ። ፊቱ ግን ተቆጥቷል፤ በኔ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ስንት ሰው ብየዳ አስተምሬያለሁ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን የራሱን ቤት እንደከፈተ፣ ማን እጁ ጥሩ እንደነበር እየተናገረ ቆጠረ። ከኔ ሌላ አስራ አራት ሰው ሆነ።

«ለአንዳቸውም በር ክፈቱ ብዬ አላውቅም» አለ። «ጠጡ፣ ያጥበዋል ነው ያልኳቸው። አምነውኝ እኮ ነው።»

የወርክሾፑ ባለቤት እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነበር የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ የሚወጣም አይመስለኝም። ጋሼ ግን ከትራሱ ሥር ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ፊደሉ ስለማይታየው እኔ እየፈለግሁ እንድደውል ነው። የመጀመሪያው ሰው ድምፁን ሲሰማ ደስ ብሎት ጮኸ፣ ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ ሥራውን በአንዴ ጠየቀው። ጋሼ አቋረጠው።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ። ትንፋሽ እስኪሰበስብ ጠበቅን። «ያን ጊዜ ያስተማርኩህ ልክ አልነበረም።»

ከዚያ ሳሉ ያዘው። ስልኩን ተቀብዬ፣ አትዝጋው፣ አሁን ይነግርሃል አልኩት። ገና አስራ ሦስት ሰው ይቀረን ነበር።