ትቅር ወይስ ትቅር

በአርባ አንድ ዓመቷ ጸሐፊነት ልትለማመድ የገባች ሴት ትዕግሥቷ ቢያልቅ አይፈረድባትም። ሦስት ወር ሙሉ ያልጠየቋት ነገር የለም። በደቂቃ ስንት ቃል ትመቻለሽ? ገቢና ወጪ ደብዳቤ ለይተሽ ትመዘግቢያለሽ? ስልክ እያነጋገርሽ ባለጉዳይ ታስተናግጃለሽ? ምስጢር ትይዣለሽ? ሁሉንም እንደምንም ለመደችው። ቤት ስትገባ ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ከመማሪያ መጽሐፏ እያነበበች ታስጽፋታለች፤ «እማዬ፣ ጣትሽን አትዪ አልኩሽ እኮ!» እያለች ትቆጣታለች። በገዛ ልጇ መገሠጽም ከሥልጠናው ተቆጠረ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላስተማራትም፤ የሥራ አስኪያጁን ቃል መፍታት። ሰውየው ቀለም የሚያልቅበት ይመስል ከአንድ ቃል በላይ አይጽፍም። በመጀመሪያው ወር አንድ ማመልከቻ ጥግ ላይ «ይመለስ» ብሎ ጻፈ። እሷም ማመልከቻውን በፖስታ አሽጋ ለባለቤቱ መለሰችለት። ለካ መልስ ይጻፍለት ማለቱ ኖሯል። የዚያን ቀን ከአሠልጣኟ የወረደባት ቁጣ አይነሣ።

ዛሬ የልምምዱ የመጨረሻ ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ አለቅም ብሏል፤ ስልኩም ፋታ አልሰጣት። በዚህ መሃል ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ የወጣውን ፋይል ስትከፍት ስለ ራሷ የተጻፈ ማስታወሻ አገኘች። የሰው ኃይል ክፍሉ እንዲህ ይላል፦ «የተለማማጇ ጊዜ ዛሬ ያበቃል። ትቀጠር ወይስ ትሰናበት? ውሳኔዎ ይገለጽልን።» ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ትቅር» ተብሏል። ፊርማ። አለቀ። ደብዳቤውን የምታዘጋጀው ደግሞ ራሷ ናት።

እዚሁ ትቅር ነው? ወይስ እሷስ ትቅር? የሰው ኑሮ በሦስት ፊደል ይወሰናል እንዴ!

ማስታወሻውን ይዛ ወደ አሠልጣኟ ሄደች። አሠልጣኟ በዕድሜ ታናሿ ብትሆንም ዋና ጸሐፊ ናት፤ ሥርዓተ ነጥብ ስለምታጠብቅ ቢሮው ሁሉ ነጠላ ሰረዝ ይላታል።

«እስቲ እዪልኝ።»

ነጠላ ሰረዝ ወረቀቱን አቀረበችው፤ አራቀችው። «አራት ነጥብ የለውም» አለች።

«እሱን መቼ ጠየቅኩሽ!»

«ታዲያ ምን ላድርግሽ፣ እትዬ? በሁለቱም ያስኬዳል።»

«እንግዲያው ገብቼ እጠይቀዋለሁ።»

«ኧረ ተዪ! እዚህ ቤት አለቃ አይጠየቅም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።»

«ግራ ሲገባሽስ ምን ታደርጊያለሽ?»

ነጠላ ሰረዝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የመሰለኝን እጽፋለኋ። እሱ እንደሆነ ሳያነብ ነው የሚፈርመው።»

ይሄኔ ደሟ ፈላ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የስንቱ ሰው ጉዳይ በመሰለኝ አልቋል! የቅጥሩን ደብዳቤ ጽፋ ከሌሎቹ መሃል ብትሸጉጠው ማንም አያውቅባትም ነበር። ጻፈችው። የስንብቱንም ጻፈች። ከዚያ ሁለቱንም ይዛ በሩን አንኳኳችና ገባች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የትኛው ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ቀና ሳይል ማስታወሻውን ተቀበላት። የራሱን ጽሑፍ እንደ ባዕድ ጽሑፍ ደጋግሞ አየው።

«ትቅር...» አለ ግንባሩን ቋጥሮ። «ምን ማለቴ ይሆን? ለመሆኑ ይቺ ተለማማጅ ማን ነች?»

ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ የምታስቀምጥለት እሷ ነበረች። እንባዋን ዋጠችው።

«እኔ ነኝ።»

ያኔ ቀና አለ። ሁለቱን ደብዳቤዎች አየ፤ እሷን አየ፤ አፈረ።

«አንቺማ... እዚሁ ትቅር ማለቴ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለና የቅጥሩን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ፈረመ።

ተቀጠረች። ልጇ ስትሰማ እየሳቀች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እሷም አብራት ሳቀች። ሰውየው ያንን ቃል ሲጽፍ ግን የትኛውን ትቅር እንዳሰበ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሊነግራት የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም አላስታወሰም።