ሞቷል የተባለው

የሆቴሉን የባሕር ዳርቻ የምናጸዳው እኔና የወንድሜ ሚስት ነን። አንድ ጠዋት ማዕበሉ ሰማያዊ ፊኛ የሚመስሉ፣ ከሥራቸው ረጃጅም ክር ያላቸው ፍጥረቶችን አሸዋው ላይ በትኗቸው አገኘን። ተቆጣጣሪያችን ከበረንዳው ሆኖ፣ "ጄሊፊሽ ነው፤ ደግሞም ሞቷል! እንግዶች ሳይነሱ በእጃችሁ ልቀሙት!" ብሎ ጮኸ።

"አለቃ፣ ጓንት ይስጡን። ይሄ ጄሊፊሽ የሚመስል ሌላ መርዘኛ ፍጥረት ነው እንጂ ጄሊፊሽ አይደለም። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ስለነበር አውቀዋለሁ፤ ሞቶም ይናደፋል" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሊቅ የሆንሽው?" ብሎ ሳቀብኝ።

የወንድሜ ሚስት ከሥራ እንዳያባርራት ፈርታ ጎንበስ አለች። ጩኸቷን ሰምቼ ስዞር ክሩ ክንዷ ላይ ተጠምጥሟል፤ ቆዳዋ በጅራፍ እንደተገረፈ ሰንበር አውጥቷል። ክሩን በእንጨት አንስቼ፣ ክንዷን በባሕር ውሃ አጥቤ ወደ ክሊኒክ ላክኋት።

ደሜ ፈላ። አንዱን በአካፋ ዝቄ ባልዲ ውስጥ ጨመርኩና የተቆጣጣሪው ቢሮ ገብቼ ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረግኩት።

"ሞቷል ብለው የለ? እስቲ በእጅዎ ያውጡት!"

ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ። "ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ! ውሰጂልኝ!"

"የእርስዎ እጅ እጅ ሆኖ የእኛ እንጨት ነው?"

ቀትር ሳይሆን ጓንት መጣ፤ ለዋናተኞችም ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ። ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። የወንድሜ ሚስት ከሦስት ቀን በኋላ ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ ስትመለስ፣ "እንኳን ተሻለሽ" አላት። ቀና ብላ ሳታየው መጥረጊያዋን አንስታ አለፈችው።