እትዬ የሌለችበት መድረክ

«ሐዘን ቤት ተቀምጠን ስለ ዘፈን እናውራ?» አለች የአናጢው አክስት። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ መስኮቱ ሥር የተቀመጡት ለቀስተኞች ግን ሁሉም ሰሟት።

አናጢው በእጁ የያዘው ሻይ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። እህቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል፣ እሱም «አሜን» ይላል። ማን ገባ ማን ወጣ ቢሉት አያውቅም። እንባም አልመጣለትም። አክስቱ ይህንን አይታ፣ «ወንድ ወደ ውስጥ ነው የሚያለቅሰው» ስትል ለጎረቤት አስረድታለታለች።

ከፊቱ የተቀመጡት የሰፈሩ የሙዚቃ በዓል ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ያዞራሉ።

«በዓሉ እሑድ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ሰዉ ይሰረዝ ይላል። እኔ ደግሞ አንተን ሳልጠይቅ አንዱንም አላደርግም። እሷ የወለደችው በዓል ነው።»

እውነታቸውን ነው። እትዬ የሚላት እህቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ታላቁ ስለሆነች ስሟን ጠርቶ አያውቅም። ሰፈሩ ውስጥ አምስት ቋንቋ ይነገራል፤ የአምስቱም ተናጋሪ የሚያሰፋው እሷ ዘንድ ነው። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወገብ እየለካች፣ «እናትሽ ምን እያለች ነበር የምታስተኛሽ?» ትላለች። ሴቶቹም ያንጎራጉሩላታል። አንድ ቀን በአጥር ተጣልተው ዓመት ሙሉ የተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞች እኩል መጡባት። አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸውና፣ «ዘፈን ካልሰጣችሁኝ ቀሚስ የለም!» አለች። ምላሷ ከመቀሷ ይስላልና ማን ይከራከራታል? ተኮሳትረው ጀመሩ። አንደኛዋ ስታዜም ሌላይቱ ቋንቋውን ሳታውቀው አዝማቹን ተቀበለቻት።

«ይኸው!» አለች እትዬ፣ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች። «ይሄማ አደባባይ መውጣት አለበት።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰዉ ሜዳው ላይ ይወጣል፤ ሁሉም በየአለባበሱና በየቋንቋው የአያቶቹን ዜማ ያሰማል። መድረኩን የሚሠራው ወንድሟ ነበር፤ በነፃ፣ እያጉረመረመ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ሱቋ ድረስ ሄዶ፣ «ዘንድሮስ ሌላ አናጢ ፈልጊ፤ ሰልችቶኛል» አላት። ቀና ብላም አላየችው፤ የስፌት መኪናዋን መርገጧን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። ሰኞ ጠዋት ልቧ ቀጥ አለ።

«ሌላ አናጢ አግኝታ ነበር?» ሲል መምህሩን ጠየቃቸው። ከቀብሩ ወዲህ ከአሜን ሌላ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

መምህሩ ግራ ገባቸው። «የምን ሌላ? እንፈልግ ወይ ብለን ጠይቀናት፣ ‹እሱ በየዓመቱ እምቢ ይላል፤ ቀኑ ሲደርስ እንጨቱን ተሸክሞ ከች ነው፤ ተዉት› ብላ ሳቀችብን።»

አናጢው አሁን አንድ ነገር ሊሰማው እንደሚገባ አወቀ፤ ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም። እግሩ ብቻ ተነሣ።

«ወዴት ነው? ሰው ምን ይላል?» አለች አክስቱ።

«ያሻውን ይበል» አለና መጋዙን ሊያመጣ ወጣ።

እስከ ቅዳሜ ማታ ሠራ። ሜዳው ላይ ሲለማመዱ የነበሩት ሲያዩት ዘፈኑን አቋረጡ፤ በእጁ ቀጥሉ አላቸው። እነዚያ የአጥር ጠበኞች የነበሩት ሴቶች ጣውላውን ከግራና ከቀኝ ይዘው አቆሙለት። መዶሻው አውራ ጣቱን ሲመታው፣ ደሙን የሌላ ሰው ደም እንደሚያይ አየው።

እሑድ ጠዋት ዘፋኞቹ ተሰልፈው ሳሉ መምህሩ የመድረኩን መወጣጫ ቆጠሩ። «ምነው ስድስት ደረጃ? ለዚህ ከፍታ ሦስት አይበቃም?»

አናጢው ቁልቁል አየ። እትዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ለእሷ አጫጭር አድርጎ ስድስት ይሠራላት ነበር። አንድም ዓመት አመስግናው አታውቅም፤ «አራተኛው ሲጢጥ ይላል» እያለች ትወጣለች። እጁ ሳያማክረው ያንኑ ሠርቷል።

«ይስተካከል እንዴ?» አሉ መምህሩ፣ ፊቱን አይተው ቀስ ብለው።

አናጢው ተንበረከከና አራተኛውን ደረጃ በመዳፉ ጫን አለው። ሲጢጥ አለ።

«ተዉት» አለ። ኪሱ ምስማር ሞልቶታል፤ አላወጣም።