ተራ ቁጥር አርባ አንድ

ባሌ ተራ ቁጥር አርባ አንድ ነው። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም።

የምሠራው የአንድ አዲስ መድኃኒት ጥናት መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ስም አያውቅም፤ ቁጥር ብቻ። ለሞተ አንድ ይጻፋል፤ በሕይወት ላለ ዜሮ። ክትትሉን አቋርጦ የጠፋም ዜሮ ነው። መዝገቡ መጨረሻ በታየበት ቀን ላይ ይቆምለታል፤ ስሌቱ የቀረውን ዕድሜ ክትትል ላይ ካሉት አይቶ ይገምትለታል፤ የጠፋው ካልጠፋው አይለይም ባይ ነው። የዋህ ስሌት። ባሌ የጠፋው መድኃኒቱ ስላልሠራለት ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ደረጃ መውጣት አቅቶታል።

"ካወቁ አልጋ ያስይዙኛል፤ ቤቴ ልሁን። ለማንም እንዳትናገሪ" ብሎ ቃል አስገባኝ። ከዚያ ወዲህ ዕንቅልፍ የለኝም።

ዛሬ የጥናቱ ሐኪም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ክፍላችን ከመጥበቧ የተነሳ ጉልበቷ ጉልበቴን ነካው።

"እህቴ፣ ሰባት ሰው ጠፍቶብናል። ምክንያት የሚለው ባዶ ነው።"

"ቤት ቀይረው ይሆናል" አልኩ።

"ከሆነ ጥሩ። ብሶባቸው ከሆነ ግን የማይሠራ መድኃኒት ሠራ ብለን ለስንቱ ልንሰጥ ነው። በይ እዚሁ ቁጭ እንዳልኩ ደውይላቸው።"

ማጣፊያው አጠረኝ። ብናገር ባሌን ከዳሁ፤ ዝም ብል የማላውቃቸውን የሰው ባሎች።

የስድስቱ ስልክ ወይ ዝግ ነው ወይ አይነሳም። የሰባተኛውን ስልክ ቁጥር ከመዝገቡ ማየት አላስፈለገኝም። ሲያነሳ ቅጹን እንዳለ አነበብኩለት።

"ከሆስፒታል ነው። ታካሚው በሕይወት አሉ?"

ባሌን አንቱ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ሰው አጠገቤ እንዳለ ገባውና ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት።

"ለዛሬ አሉ ብለሽ ጻፊ።"

"ክትትሉን ያቋረጡት ለምንድን ነው?"

ሐኪሟ እስክሪብቶዬን ታያለች። እሱ ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ ትንፋሹ ከጠዋቱ አጥሯል።

"እሱን ሚስቴን ጠይቂያት" አለኝ በመጨረሻ። "ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። የምትለውን ጻፊ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ዜሮ ጻፍኩ፣ የዛሬን ቀን ጻፍኩ። ምክንያት ከሚለው ፊት "ስለባሰበት" ብዬ ጻፍኩ። ለራሴም እንኳ ብዬው አላውቅም ነበር።

"ማን ነገረሽ?" አለች ሐኪሟ።

"ሚስቱ" አልኩ።