የአስማማው ጥም

ወለተ ሐዋርያት ባሏን አስማማውን ከቀበረች ስድስት ወሯ ነው፤ መንደሯ ይጁቤ ግን እስከ ዛሬ ስለ ሰውየው ማውራቱን አልተወም። በስኳር ነው የሞተ። መጀመሪያ የግራ እግሩን አውራ ጣት ቆረጡት፣ ከዚያ እስከ ጉልበቱ፣ ጥር ላይ ደግሞ ሰውየው ሙሉውን ሄደ። ይኼ አገር የሚያውቀው ነው። አገር የማያውቀው፣ ያ ሰው በአንድ እግሩ፣ ከነምርኩዙ ተመልሶ መምጣቱን ነው።

መምጫው ቀን ነው። አስማማው በሕይወቱም ምሳ ሰዓት አሳልፎ አያውቅ። የሐምሌ ጭጋግ አጥሩ ላይ ወርዶ፣ የጎመኑ መደብ እንኳ ከዓይን ሲጠፋ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ምርኩዝ ጠቅ ይላል። ጠቅ። ከዚያ ዝም። ወዲያው የወለተ ሐዋርያት ጉሮሮ ይደርቃል፤ ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል።

«ጠማው» ትላለች፣ «ከነጥሙ ነው የሄደው፣ የኔ ጌታ።»

የቀንድ ዋንጫውን አውርዳ ብርዝ ትሞላለታለች፤ ማሩን ሳትሳሳ በውኃ በጥብጣ። እሱ ይተኛበት የነበረው መደብ ላይ ታስቀምጥለታለች። ከዚያ ራሷ ታነሣና ግጥም!

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በሚካኤል ማኅበራቸው የሟች ቦታ ባዶ አይቀርም። የቤቱ ሰው ይቀመጥበትና ድርሻውን ይጠጣለታል። ወለተ ሐዋርያትም ወር በገባ በአሥራ ሁለት የባሏን ጽዋ ትጠጣለታለች። ይህንኑ ሥርዓት ከቤቷ አስገባችው። በአፏ ያልፋል እንጂ የሷ አይደለም። የሱ ነው።

እሷም ስኳር እንዳለባት ከተነገራት ቆይቷል። ለማንም አልተናገረችም። «ከባሏ ተጋባባት» ብለው እንዲሥቁባት ነው?

ጤና ጣቢያ በሄደች ቀን ሲስተር ሕሊና ጣቷን ወግታ መሣሪያዋን አየች። ደግማ ወጋቻት።

«እማማ፣ ሦስት መቶ ሰባ! ምን እየበሉ ነው?»

«የገብስ ቂጣ። ጎመን። ሽሮ። ያልሽኝን ነዋ፣ እሱንም ትንሽ ትንሽ።»

«ጣፋጭስ?»

«ስኳር ከቤቴ አይገባ! ሻይ እንኳ ባዶውን ነው የምጠጣ።»

«ማርስ?»

«ማር ደግሞ ምን አደረገሽ? ንብ ከአበባ የቀሰመችው ነው፣ ፋብሪካ አልሠራው!»

«ሰውነትዎ ፋብሪካና ንብ አይለይም እኮ፣ እማማ። ማርም ያው ነው። ይጠጣሉ ማለት ነው?»

«እኔ? እኔስ አልጠጣም» አለች ወለተ ሐዋርያት፤ አልዋሸሁም ብላ ነው።

ሲስተር ሕሊና ተንበርክካ ጫማዋን አወለቀችላት። የግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ ላስቲኩ ጫማ የፋቀው ቁስል አለ፤ ዙሪያው ጠቁሯል።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የቱ?»

«ይኼ! አያምዎትም?»

ወለተ ሐዋርያት ጎንበስ ብላ አየችው። የአስማማውም ከዚያችው ጣት ነበር የጀመረ። እግሯ የሌላ ሰው እግር መሰላት።

ሲስተር አጠበችው፣ አሰረችው። «በየቀኑ በንጹሕ ውኃ ይጠቡት፤ ካልዳነ ቶሎ ይምጡ። ኪኒኑን እኔ እሰጥዎታለሁ። ጉሮሮዎን ግን እርስዎ እንጂ እኔ ልጠብቅልዎት አልችልም። ስኳሩ ካልወረደ ይኼ እግር ወደ ደብረ ማርቆስ ነው የሚሄደው፤ ከሄደ ደግሞ…»

በማግስቱ ጭጋጉ ወረደ። ጠቅ። ወለተ ሐዋርያት ጆሮዋን ያዘች፣ ጉሮሮዋ ግን አልተያዘላትም። «እሽ፣ እሽ፣ መጣሁ፣ ምን ያስቸኩልሃል» እያለች ብርዙን በጠበጠች። ዋንጫውን አንሥታ ከከንፈሯ እንዳደረሰችው ጎረቤቷ ጤናዬ ከበሩ ላይ ቆማለች። ጤናዬ ሳትጠራ መግባት፣ ገብታም ያየችውን ሳትውል ሳታድር ማዳረስ ልማዷ ነው።

«አንች፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪ?»

«ከማንም።»

«እሽ መጣሁ ስትይ ሰምቼ! ይኼስ የአያ አስማማው ዋንጫ አይደል?»

«ለሱ ነው የምጠጣ። ይመጣል፣ ጤናዬ። አትሣቂ። ከደጅ ቁሞ ይለምነኛል።»

ጤናዬ አልሣቀችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ጭጋጉ አየች።

«ምን ብሎ ነው የሚለምንሽ?»

«ውኃ ይለኛል።»

«ታዲያ ውኃ ካለ ብርዝ ምን አመጣው?»

«ለታመመ ሰው ባዶ ውኃ ይሰጧል እንዴ! ምን ይለኛል ሰው?»

«ያኔም እኮ ውኃ ነበር የሚል» አለች ጤናዬ ቀስ ብላ። «አጥሩን ተሻግሮ እኛ ቤት ይሰማ ነበር። ውኃ ስጭኝ ወለተ፣ ውኃ ብቻ፣ ይላል። አንች ደግሞ፣ እንካ ብርዝ ጠጣ፣ ይሻልሃል፣ ትያለሽ። በየቀኑ። ምን አገባኝ ብየ ዝም አልሁ እንጂ።»

ወለተ ሐዋርያት ዋንጫውን አስቀመጠች። መደቡ ላይ አስማማው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ እጁን ዘርግቶ ታያት። የዘረጋው ወደ ማሩ ገንቦ አልነበረም። ከበሩ ሥር ወዳለው እንስራ ነበር። እሷ ግን ማሩን አጠጣችው፤ በፍቅር፣ በገዛ እጇ፣ ማንኪያ በማንኪያ።

«ሂጅልኝ፣ ጤናዬ» አለች። ጤናዬም ሄደች።

በሚቀጥለው ቀን የማሩን ገንቦ አልከፈተችም። በዋንጫው ከእንስራው ውኃ ቀድታ መደቡ ላይ አኖረችው፤ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጠቅ አለ። ጉሮሮዋ ነደደ። ጣሳዋን ከእንስራው ነከረችና ውኃ ጠጣች፤ ደገመች።

«ይኼ የኔ ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የኔ ጥም ነው። ያንተ ያውልህ።»

ጠበቀች። ጭጋጉ ተነሣ፣ ተመልሶ ወረደ። ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው ወጡ። ዋንጫው እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ኧረ አንድ ጉንጭ እንኳ» አለችው። «ውኃ እኮ ነው፣ አስማማው። የለመንኸኝ ውኃ።»

አንዲት ጠብታ አልጎደለም። የሚጠጣ የለም። ማንም አልነበረም። ይኼን ሁሉ ቀን የጠጣችው እሷ ራሷ ናት፤ እሱ አፈር ውስጥ፣ ጥሙን እንደያዘ።

ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች፣ ጨርቁን ፈታች፣ የዋንጫውን ውኃ ጣቷ ላይ አፈሰሰችው። ውኃው ሲፈስ አየችው እንጂ አልተሰማትም። ቀዝቃዛ ይሁን ለብ ያለ፣ ጣቷ አልነገራትም።

እግሯን እየጎተተች አጥሩ ድረስ ሄደች። «ጤናዬ! አንች ጤናዬ! ነገ ጧት ጤና ጣቢያ ታደርሽኛለሽ? እግሬ ከፍቷል። ስኳር አለብኝ፣ እኔም። ለፈለግሽው ንገሪ!»

«እሱንማ ሰኔ ላይ ተናግሬ ጨርሻለሁ!» አለች ጤናዬ ከማዶ።

ወለተ ሐዋርያት ልትሥቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ልቅሶ ነው፣ ሲቀብሩት እንኳ ያልወጣ። ጤናዬ ሰምታ ለአንዴ ያህል አንዲት ቃል ሳትናገር በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ መጣችና ከጎኗ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።