ከተራራው ወይስ ከካባው

ተራራው ጉም ከለበሰ ሰንብቷል። እሷም ስክሪኑ ፊት ከተደቀነች ሰንብታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ወገቧም ወንበሩን ጠልቶታል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በፍቅር ነበር፤ አሁን አሁን ግን ሲጠሯት ትሸማቀቃለች። ጆሮ ተብዬዋ የምትከታተለው ድምፅ እኮ ሰው የሚሰማው አይደለም። እንደዚህ ተራራ ያለ እሳተ ገሞራ ሲተነፍስ የሚያወጣው ድምፅ ከመወፈሩ የተነሣ ከሰው ጆሮ በታች ነው፤ አየሩን እየገፋ ግን ሩቅ አገር ይደርሳል። ከቢሮው ጀርባ ጫካው ውስጥ የተተከሉት መሣሪያዎች ይህንኑ ይለቅማሉ። ነፋስ እንዳያደናግራቸው ከእያንዳንዳቸው ሥር የተበሳሳ የጎማ ቱቦ በየአቅጣጫው ተዘርግቷል። ድምፁ የትኛው መሣሪያ ጋ ቀድሞ እንደደረሰ ታይቶ፣ ከወዴት እንደመጣ ይታወቃል።

ከወዴት እንጂ ከምን ያህል ርቀት አይደለም። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከተራራው ጀርባ፣ በዚያው መስመር ላይ፣ የድንጋይ ካባ አለ። እዚያ ድማሚት የሚያፈነዳው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው።

ባለፈው ክረምት ወንድሟ ያፈነዳውን ድማሚት እሷ የተራራው መስሏት፣ ከግርጌው ያለውን መንደር በዝናብ አስወጣች። «እርግጠኛ ነኝ፣ ሩጡ» አለች። ሕዝቡ ሮጠ፤ ተራራው ግን ንቅንቅ አላለም። የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ካደሩት መካከል እናቷ ነበረች። የሳንባ ምች ያዛትና በዚያው ሳትነሣ ቀረች። አንዱ ልጅ አፈነዳ፣ አንዷ አስደነገጠች፣ እናት በመሃል ሄደች። ይህን አጽናናለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረው። ከቀብሩ ወዲህ አባቷ ስልኳን አያነሡም። ወንድሟ ግን ሳይደውልላት አንዲት ድማሚት አያፈነዳም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተነሣ። ከተራራው አቅጣጫ ነው፤ ከካባውም አቅጣጫ ማለት ነው። ስልኳ አልጮኸም ነበር። ራሷ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ አፈነዳችሁ እንዴ?»

«ኧረ እኛ ዛሬ ሥራ የለንም፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ቁጭ ብለናል። ምነው?»

መስመሩ እንደገና ተነሣ፤ ከቅድሙ ይበልጥ። የመንደሩን የማስጠንቀቂያ ደወል አስጮኸች። ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ሊቀ መንበር ደወለላት።

«ደወሉንስ ሰምተናል። ግን ማንም አልተነሣም። ሁሉም የአባትሽን በር እያየ ነው። የራሷ አባት ካልወጡ እኛን ምን አቅብጦን ይላሉ።»

«እባክዎ ስልክዎን ይዘው ይግቡና ይስጡልኝ።»

የበር ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ የአባቷን ትንፋሽ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ይውጡ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አሏት።

ድምፃቸውን ከሰማች ስንት ጊዜዋ። «ነኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ደክሟታል፤ እርግጠኛ መምሰልም ጉልበት ይፈልጋል።

«ተራራው እየጮኸ ነው፤ ይሄን አውቃለሁ። እናንተ ጋ ይድረስ አይድረስ ግን አላውቅም። ካልደረሰ እንደገና በከንቱ ላንከራትታችሁ ነው። ቢሆንም ይውጡ።»

«ያኔም እንዲህ ብትይን ኖሮ» አሉ አባቷ ቀስ ብለው፣ «ብርድ ልብስ እንይዝ ነበር። ሩጡ ስላልሽን ባዶ እጃችንን ሮጥን።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አነሰባት። አባቷ ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ደጅ ሲወጡና ጎረቤቱን ሲጣሩ ሰማቻቸው፤ «ብርድ ልብስ ያዙ፤ ለሕፃናቱ የሚነጠፍም ያዙ። መሮጥ የለም፤ ግን እንውጣ።»

ከሰዓት በኋላ ከጉሙ ውስጥ አመድና ድንጋይ መንደሩ ላይ ወረደ። የብዙ ቤት ጣሪያ ተናደ፤ ከሥሩ ግን ሰው አልነበረም። ማምሻው ላይ ወንድሟ ከአዳራሹ ደወለላት።

«ሁሉም ደህና ነው። አባባም ደህና ናቸው። ቤታቸው ግን የለም።»

«ምን አሉ?»

«ስለ ቤቱ ምንም አላሉም። ስለ አንቺ ነው የጠየቁኝ።»

«ምን ብለው?»

«እህል ቀምሳለች ወይ፣ አሉ።»

ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰችም። ይህንኑ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ዕንባዋ ቀደማት።